ደኅናውን እግር ያሰርኩ ዕለት

ሶዶ፣ ጥር ፲፮ ቀን ፲፱፻፳፮ ዓ.ም.

ይድረስ አዲስ አበባ ላለሽው ለእታለም የትምወርቅ፣

እንዴት ከርመሻል? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ደኅና ነኝ። ባለፈው ሳምንት ግን ትምህርቱን ትቼ ወደ አንቺ ልመጣ ጓዜን ጠቅልዬ ነበር።

እዚህ ሐኪም ቤት ቁስል ማጠብና ማሰር የምንማረው ልጆች ቀን ተምረን ሌሊት በሽተኛ እንጠብቃለን። ከገና ወዲህ ተስቦ በዛና እንቅልፍ አጣን። ሰው ሲያቃስት ስሰማ አላዝንም፤ ዝም በል ማለት ብቻ ያምረኝ ጀመር። ያ አስፈራኝ። ለዚህ ሥራ አልሆንም አልኩ።

ማክሰኞ ጠዋት ከበሽተኞቻችን የአንዷን፣ የእማማ ቦሼን የእግር ቁስል አጥቤ ፋሻ ላመጣ ዞርኩ። ተመልሼ ያሰርኩት ደኅናውን እግር ነው። እስክጨርስ ጠበቁኝ።

“ጥሩ አስረሃል” አሉ። “አሁን ደግሞ የታመመውን እሰርልኝ።”

በሽተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን ልቅሶ ሆነ።

“የሚያስታምምህ ማነው?” አሉኝ።

“አልታመምኩም፣ እማማ።”

“እሱን መች ጠየቅሁህ?”

እዚህ አገር ሕመምተኛ ብቻውን አይተውም። ዘመዶቹ ግቢው ውስጥ ያበስላሉ፣ በተራ አጠገቡ ይቀመጣሉ። እማማ ቦሼ እዚህ ዘመድ እንደሌለኝ ሲያውቁ ልጃቸውን ባዳቾን ሰጡኝ። ሙቹዋ የሚሉትን ቅቤ የጠጣ የእንሰት ምግብ አጉርሶ አስተኛኝና ደጃፌ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሙ ሊጠሩኝ ቢመጡ “ታሟል” ብሎ መለሳቸው። እሳቸውም ሄደው ለአለቃችን ነገሩ። በማግስቱ አለቃችን አቶ ገብረማርያም የሌሊቱን ጥበቃ በፈረቃ አደረጉልን።

ስነቃ ከወዲያኛው ክፍል አንድ ሰው ያቃስት ነበር። አንጀቴን በላኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ጓዜን ፈታሁ። የእማማ ቦሼም ቁስል እየጠገገ ነው፤ አሁንም ሳስር “የትኛው እንደሆነ ልንገርህ?” ይሉኛል። ስታስቀድሺ ስማቸውን አንሺልኝ።

ደብዳቤሽን ደግሜ አነበብኩት። አማትሽ አልጋ ከያዙ ወዲህ እሳቸው በደኅና ማደራቸውን ትጽፊልኛለሽ፤ አንቺ እንዴት እንደምታድሪ አንድም ቀን አልጻፍሽም። እማማ ቦሼ ቢያገኙሽ ምን እንደሚጠይቁሽ ታውቂያለሽ። መልስ ካጣሽ የባልሽን እኅት ፈጠነችን አስጠሪና ተኚ።

አምላክ ለእሳቸው ምሕረት፣ ለአንቺም እንቅልፍ ይስጥልኝ።

ወንድምሽ ደገፉ