እንዳለች የለችም

ለክቡር የምርጫ ጣቢያችን የመራጮች መዝገብ ኃላፊ
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በወንበርዎ ላይ የተሰቀለው ካፖርትዎ ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አለኝ። ካፖርትዎን ያነሣሁት ቢሮዎ በተመላለስኩባቸው ስድስት ቀናት በቦታው ያገኘሁት እሱን ብቻ ስለሆነ ነው። በሰባተኛው ቀን ራስዎን አግኝቻለሁ፤ ወደዚያ ቀን በኋላ እመለሳለሁ። እኔ በመዝገብዎ ከመሞቴ በቀር ደኅና ነኝ፤ ምስጋና ለአምላክ ይሁን።

ስሜ እንዳለች በድሉ ይባላል። ልደታ ኮንዶሚኒየም የምኖር፣ ባሌ የሞተብኝ፣ የማንም ፓርቲ አባል ሆኜ የማላውቅ ሴት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው በፖስታ አሽጌ ያስገባሁት ማመልከቻ «አመልካቿ በሕይወት ስለሌሉ አልታየም» ተብሎ ስለተመለሰልኝ ነው። በሕይወት የለችም ላሏት ሴት ማመልከቻውን በስሟና በቤት ቁጥሯ መመለስዎ ትልቅ ትሕትና ነው።

እንዳልሰለችዎ አቤቱታዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. ስለ መሞቴ። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በድሮው ቀበሌ መዝገብ ላይ በስሜ ትይዩ «የሟች ሀብተሥላሴ ሚስት» ተብሎ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ተጽፎ ነበር። ዘንድሮ መዝገቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥ ጽሑፉ ለጸሐፊዎ ረዘመባቸው መሰለኝ፣ «ሟች» የሚለውን ለእኔ ሰጥተው «ሀብተሥላሴ» የሚለውን ብቻውን በሕይወት ካሉት መራጮች ተርታ አሰፈሩት። «የ» የምትባለዋ ፊደል የት እንደወደቀች አይታወቅም። አንዲት ፊደል ስትጠፋ ባል ተነሥቶ ሚስት እንደምትቀበር አላውቅም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አጥር ላይ ከሚለጠፉ የዕጩዎች ፖስተሮች እንጂ ከአስተማሪ አይደለምና፣ ይህን ትምህርት ከእርስዎ መሥሪያ ቤት በማግኘቴ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

2. ስለ መኖሬ ማስረጃ። ኑኃሚን የምትባለው መዝጋቢያችሁ፣ ትሑት ልጅ ናት፣ «እማማ፣ እኔማ አየሁዎት፣ ያላየዎት ሲስተሙ ነው» ብላ ወደ ወረዳ መራችኝ። በወረዳው አንደኛው መስኮት በሕይወት መኖሬን ለመጻፍ የታደሰ መታወቂያ ጠየቀኝ፤ ሁለተኛው መስኮት መታወቂያዬን ለማደስ በሕይወት መኖሬ እንዲጻፍልኝ አዘዘ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ነስሪን ምስክር ልትሆነኝ መጥታ «ሞታለች ካላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት ደረጃው ላይ ስለ ውኃ ባልዲ የተጨቃጨቀችኝ ማን ናት?» ብትላቸው፣ የጭቅጭቅ ማስረጃ በፋይል አይያያዝም ተባለች።

3. ስለማጣው ነገር። አንዲት አሮጊት ባትመርጥ ምን ይጎድላል ይሉ ይሆናል። ለአገር ምንም አይጎድልም። ለእኔ ግን እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ምርጫ ማንበብ ስለማልችል ባለቤቴ «ፋኖሱ ላይ» ባለኝ መሠረት አውራ ጣቴን ፋኖሱ ላይ አሳረፍኩ። በሁለተኛው ፋኖሱ ያበራልኝ ነገር ስላልታየኝ ሥዕሏ ደስ ያለችኝን በቅሎ መረጥኩ። ሦስተኛውን ለጊዜው ልለፈው። በአራተኛው ወረቀቱን ባዶውን አጣጥፌ ከተትኩ። በአምስተኛው ሰፈሩ በቡድን ተሰልፎ ሲሄድ ተሰልፌ ሄድኩ፤ የተሰለፍኩበትንም መረጥኩ። በስድስተኛው በእጁ የጻፈው ፖስተር ላይ አንድም የፊደል ስህተት ያላገኘሁበትን የግል ተወዳዳሪ መረጥኩ፤ ተሸነፈ፣ ከዚያም ወዲህ አላየሁት። ዘንድሮ ግን ያገኘሁትን የሁሉንም ፕሮግራም በመነጽር፣ እያሰመርኩ አንብቤ ጨረስኩ። ማንም ሳይነግረኝ፣ ማንንም ሳልፈራ፣ አንብቤ ገብቶኝ ስመርጥ የመጀመሪያዬ ሊሆን ነበር። የመረጥኩት ያሸንፋል ብዬ አይደለም፤ አያሸንፍም። ቢያሸንፍም የሚለወጥ ነገር ብዙ አይታየኝም። ብቻ አንድ ጊዜ እንኳ የራሴ የሆነ ምልክት ወረቀት ላይ አድርጌ ልሙት ብዬ ነበር፤ ቀደሙኝ።

4. ስለ ሰጡኝ መፍትሔ። ባለፈው ሐሙስ ባገኘሁዎ ጊዜ፣ ድካሜን አይተው፣ «እማማ፣ ምን አስጨነቀዎት? የባለቤትዎ ስም አለ አይደል፣ በሱ ይምረጡ፤ ማን ያይዎታል?» ብለውኛል። ለርኅራኄዎ የሚመጥን ምስጋና ስለሌለኝ፣ በምትኩ ለማንም ያልነገርኩትን እነግርዎታለሁ።

በሦስተኛው ምርጫ ሀብተሥላሴ ዓይኑ ጠፍቶ ነበር። ደንቡ ረዳት ስለሚፈቅድ አብሬው መጋረጃው ውስጥ ገባሁ። «መሰላሉ ላይ አድርጊልኝ» አለኝ። በዚያ ሳምንት ቤታችን የቀበሌ መሆኑን ሊያስታውሱን ሁለት ጊዜ የመጡ ሰዎች ነበሩ። ፈራሁና ሌላው ላይ አደረግሁ። «አደረግሽልኝ?» ሲለኝ «አዎ» አልኩት። እሱም ቀለም የነካ ጣቱን ሰላም ላለው ሁሉ እያሳየ፣ ክንዴን ይዞ ቤቱ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ መሰላሉን እንደመረጠ እያመነ አረፈ። የፈራሁለት ቤትም ብዙ ሳይቆይ ለልማት ፈረሰ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ በሀብተሥላሴ ስም አንድ ጊዜ መርጫለሁ። ሁለተኛ አልመርጥም። ማን እንደሚያየኝም አውቃለሁ።

ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ነው። ይህ ደብዳቤ ጠረጴዛዎ ላይ የሚደርሰው ሰኞ እንደሚሆን ከልምዴ አውቃለሁና እንዲያስመዘግቡኝ አልለምንዎትም። የምለምንዎ ባለቤቴን ወደ ዕረፍቱ እንዲመልሱልኝ ብቻ ነው። እኔን ግን እንዳለሁ ይተዉኝ፤ መዝገብዎ ከኔ ቢፈጥን እንጂ አልተሳሳተም።

ሕያዋንን ከሙታን ለመለየት የሚደክም ብዕርዎን አምላክ ያበርታልዎ፣ ዕድሜዎንም በማንም ጸሐፊ እጅ ሳይገለበጥ ያርዝመው እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

በመዝገብዎ ዘንድ ነፍሷን ይማር፣
እንዳለች በድሉ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ኑኃሚን ደውላ የሀብተሥላሴ የመራጭነት ካርድ ታትሞ መውጣቱን፣ ነገር ግን ደንቡ ለባለ ካርዱ በአካል ካልሆነ እንደማይሰጥ ነግራኛለች። ባለ ካርዱ ያለው ልደታ ማርያም ቅጽር ውስጥ፣ በስተ ምሥራቅ፣ ከጥዱ ሥር ነው። ደንብ እንዳይጣስ እርስዎ ራስዎ ሄደው ያስረክቡት። አልቀበልም ካለዎት ሞቷል ብለው ይጻፉ፤ ይህን ለመጻፍ እንደማይቸገሩ አይቻለሁ።