ለባሌት ትምህርት ሲባል በግማሽ የቀረ ለቅሶ

ለተከበሩ አቶ ኦሬን፤
የሰፈራችን የማኅበረሰብ ማዕከል፣ የመትናሱ ዋና ኃላፊ፤
ረሖቦት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም ባለፈው ዓመት ያስለወጡት የአዳራሹ የእንጨት ወለል እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ፣ እናቴና ያልጨረስኩት መጽሐፌ፣ አምላክ ይመስገን፣ አለን። ወለሉን ከቤተሰብዎ ጋር ደባልቄ ጤና መጠየቄን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ በላኩልን ደብዳቤ ላይ ከእኛ ከሰዎቹ ይልቅ ስለ እሱ ደኅንነት ሲጨነቁ ስላየሁ ዝምድናችሁ የቅርብ መሆኑን ተረድቼ ነው።

ምናልባት ከረሱኝ፣ በዚያው ደብዳቤዎ «የንባብ ሰዓቱ አዘጋጅ» ብለው የጠሩኝ ጀምበሩ ነኝ። ከሰኞ በስተቀር ቀን ቀን ነስ ጺዮና ከተማ በአንድ የዕቃ መጋዘን እሠራለሁ፤ ከዚያ በተረፈችኝ ጊዜ በአማርኛ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ የጻፍኩትን ይዤ እየመጣሁ በአዳራሽዎ ለሽማግሌዎቻችን ሳነብ ኖሬአለሁ። ከመካከላቸው ፊደል የቆጠሩት ጥቂት ናቸውና መጽሐፍ ለእነሱ የሚሰማ እንጂ የሚታይ ነገር አይደለም፤ የበሬ ስም ስሳሳት፣ መንገዱን በተራራው በወዲያኛው በኩል ሳዞረው፣ እዚያው በዚያው «ተው እንጂ ልጄ» እያሉ ያርሙኛል። ይህን ሰዓት ከዘጉብን አምስት ወር ሆነ። ይከፈትልን ብዬ ባመለክት ደግሞ የጸሐፊውን የሥራ ሂደት፣ የሥራ ልማድና የመጪውን ዓመት ዕቅድ የሚጠይቅ ስድስት ገጽ ቅጽ፣ በእናንተ አጠራር ቶፌስ፣ ላኩልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና እርስዎ በወረቀትዎ፣ እኔም በሞኝነቴ እንደጸናን እንገናኛለን። በቶፌሱ ላይ ለመልስ የተተወልኝ ቦታ የሁለት ጣት ስፋት ብቻ ስላለው መልሴን እንደሚከተለው በሰፊው ሳቀርብ በትዕግሥት እንዲያነቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፩. ስለ ሥራው ሂደት

አሥራ ሁለት ምዕራፍ አቅጄ አሥራ አንዱን ጨርሻለሁ። በመቶኛ ካስፈለገዎ ልጄ ሺሊ በስልኳ አስልታ ዘጠና አንድ ከምናምን ይሆናል ብላኛለች፤ ምናምኑን ለእርስዎ እተዋለሁ።

መጽሐፉ ስለ አለበል ነው። አለበል በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ኢየሩሳሌም እገባለሁ ብሎ ከጎንደር ገጠር በእግሩ ወደ ሱዳን የወጣ ወጣት ሲሆን፣ በምዕራፍ አሥራ አንድ ወንዝ ዳር በንዳድ ይሞታል። ስሙም ሰውየውም ፈጠራ ናቸው ብዬ ገና በመጀመሪያው ሰኞ ለሁሉም ተናግሬአለሁ። ለራሴም ስናገር ነው የኖርኩት።

እውነቱ ግን ይኸው ነው። ታላቅ ወንድሜ ሽበሺ ሱዳን በገባን በሦስተኛው ሳምንት ውሃ ልቅዳ ብሎ ጀሪካን አንጠልጥሎ እንደወጣ አልተመለሰም። አስከሬኑን አየሁ የሚል፣ መቃብሩን የሚያሳይ፣ ሞቷል ብሎ የሚምል ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም። መርዶ ስላልተነገራትም እናቴ አመለወርቅ አርባ ዓመት ሙሉ አላለቀሰችለትም፤ በእኛ ደንብ መርዶ ሳይሰሙ ማልቀስ ሟርት ነው፣ ያለን ሰው በቁሙ መቅበር ነው። ቤት በቀየርን ቁጥር መጀመሪያ የምታስለጥፈው በፖስታ ሳጥኑ ላይ ከስሟ በታች የእሱን ስም ነው። ደብዳቤ አድራሹ ሽበሺ የሚባለውን ተከራይ አንድም ቀን አይቶት ባያውቅም ሰላምታ ይልክለታል።

እንግዲህ ሰዓቱ በተዘጋብን በመጨረሻው ሰኞ ምዕራፍ አሥራ አንድን ቆሜ ሳነብ ሴቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያለቅሱ ነበር። አባ ፈረደ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የዘለለ ሰው አክባሪ ሽማግሌ፣ ሄርዝል ጎዳና ካለው ክሊኒክ ዘግይተው ደረሱ። ያዩት ነገር ወረቀት ይዞ የቆመ ሰው፣ ዙሪያውን የተቀመጡ ሽማግሌዎችና የሚያለቅሱ ሴቶች ነው። ማን ነው ብለው በሹክሹክታ ቢጠይቁ አጠገባቸው ያለችው ሴት «አለበል ነዋ፣ ወንዝ ዳር ሞቶ!» አለቻቸው። እርስዎ ቢሆኑ የማን ልጅ፣ መቼ፣ የት ብለው ይመረምሩ ነበር። በእኛ ዘንድ ግን ሐዘንተኛን መመርመር ነውር ነው፤ ለቅሶ ላይ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ዝምድናውን በኋላ ይቆጥራል። አባ ፈረደም እንደ ጨዋ ሰው ወደ ኮሪደሩ ወጥተው ስልካቸውን አነሱ።

ጉድ በል ጎንደር! ከሰዓት በኋላ ከቂርያት ዔቅሮን ሁለት ሚኒባስ፣ ከነታንያ አንድ ሙሉ አውቶቡስ በርዎ ላይ ቆመ። ዳቦው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ንፍሮው በባልዲ ተሞልቶ፣ ቄሱም ጥላቸውን ይዘው መጡ። ካልተወለደ ሰው ይህን ያህል ዘመድ ሲወጣ ባየሁ ጊዜ፣ አልደብቅዎትም፣ እንደ ደራሲ ደስ አለኝ፤ እንደ ሰው ደግሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

እውነቱን ስነግራቸው ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልሄደም። ከነታንያ የመጡ አንዲት እናት «የኔዋም በዚያው መንገድ ነው የቀረችብኝ፤ ከመጣሁ አይቀር ላልቅስ» ብለው ከወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ያኔ እናቴ ከወንበሯ ተነስታ በሁሉም ፊት «ይኸ አለበል የምትለው ሽበሺ ነው፣ አይደል?» አለችኝ። አሥራ አንድ ምዕራፍ ያወራሁት ሰውዬ አንዲት ቃል አጣሁ። እሷም ዝምታዬን እንደ መርዶ ተቀበለችው። አርባ ዓመት ያመቀችው ለቅሶ ሲወጣ ድምፁን አላውቀውም ነበር፤ የእናቴ አልመሰለኝም።

አቶ ኦሬን፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ያውቁታል፤ በዚያች ደቂቃ ከጥበቃ ሠራተኛው ጋር የገቡት እርስዎ ነዎትና። የትንንሽ ልጃገረዶቹ የባሌት ትምህርት፣ ሑግ የምትሉት፣ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ሳይጮኹ፣ ማንንም ሳይገፉ፣ መብራቱን ሁለት ጊዜ አጥፍተው ሁለት ጊዜ በማብራት ብቻ ሦስት መኪና ሙሉ ሐዘንተኛ የበተኑበትን ጥበብ ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። እናቴ መብራቱ ሲጠፋ ድምጿን ዋጠች። ሲበራ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላለቀሰችም፣ አልተጽናናችምም፤ በሐዘን ደንባችን ሰባት ቀን አልተቀመጠችም፣ ተነሽ የሚላትም የለ። አርባ ዓመት ሳታለቅስ ስትኖር እህል ትበላ ነበር። አሁን ግን የምትቀምሰው ለመድኃኒቷ ያህል ብቻ ነው።

፪. ስለ ጸሐፊው የሥራ ልማድ

ከሥራ ስመለስ ሚርፔሴት በምንለው በረንዳ ላይ፣ በልብስ ማጠቢያው ማሽን አናት ላይ ቆሜ እጽፋለሁ፤ በቤታችን ሌላ ባዶ ጠፍጣፋ ነገር የለም። ማሽኑ መጭመቅ ሲጀምር ፊደሌ ይንቀጠቀጣል፤ ምዕራፍ ሰባት የተጻፈው እንዲያ ስለሆነ እኔም ማንበብ ያቅተኛል። ሺሊ ከጦር ሠራዊት ለእረፍት ስትመጣ ዩኒፎርሟን ልታጥብ ወረቀቴን ከማሽኑ ላይ ታነሳና «አባዬ፣ ያላ፣ ጨርሰው በቃ!» ትለኛለች። «ቤሰደር፣ እሺ» እላታለሁ። ቶፌሱ በቀን ስንት ቃል እንደምጽፍ ይጠይቃል። ካለፈው ጥቅምት ወዲህ መልሴ «ምንም» ነው።

፫. ለንባብ ሰዓቱ መከፈት ስላስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ

ወደፊት የሚነበበው ጽሑፍ «አሳዛኝ ይዘት» እንዳይኖረው፣ ማጠቃለያውም በዕብራይስጥ አስቀድሞ እንዲቀርብልዎ አዝዘዋል። ስለ አሳቢነትዎ እግዜር ይስጥልን። ሱዳንን በእግራቸው የተሻገሩ፣ በመንገድ ላይ ልጅ የቀበሩ ሰዎች ከእኔ ልብ ወለድ እንዲጠበቁ ያሰበላቸው ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። በንባቡ ምትክ ሰኞ ሰኞ የወንበር ላይ ስፖርት እንዲሰጣቸው ማድረግዎም አልተዘነጋም፤ አሠልጣኟ እጅ ወደ ላይ ስትል ሽማግሌዎቻችን እጃቸውን ዘርግተው በዚያው ጸሎት ያደርሳሉ። ምን ብለው እንደሚጸልዩ ግን አልነግርዎትም፤ ሆድ ይፍጀው።

፬. የመጪው ዓመት ዕቅድ

እዚህ ላይ ማሾፌን ልተው፤ ለአንድ አንቀጽ ያህል ይፍቀዱልኝ። የቀረኝ ምዕራፍ አንድ ነው፣ እሱም አለበል የሚቀበርበት ነው። አልጻፍኩትም። ሰዓቱን ሲዘጉብን ለጎረቤቱ ሁሉ ተቆጥቼ አወራሁ፣ ቤት ገብቼ በር ስዘጋ ግን በእፎይታ ተነፈስኩ፤ የሚነበብበት ቦታ የሌለው ምዕራፍ አይጻፍምና ጥሩ ምክንያት ሰጡኝ። ለዚህ የማቀርብልዎ ምስጋና ከልቤ ነው፣ ሽሙጥ የለበትም። ፈርቼ ነው። የወንድሜን መቃብር አላውቀውም። የማላውቀውን መቃብር ፈጥሬ ለእናቴ ባነብላት ውሸት ሰጠኋት ማለት ነው፤ ባላነብላት ደግሞ ለቅሶዋን በጉሮሮዋ እንደያዘች ልትሞትብኝ ነው። ሐኪሙ ልቧ ደክሟል ብሎኛል፣ ስለ ጊዜውም ሲናገር ዓይኔን አላየኝም።

እሷ ግን እንደኔ አልፈራችም። ከሥራ ስገባ ሰላምታዋ «ቀበርከው?» የሚል ሆኗል። ገና ነው ስላት ትዕዛዝ ትጨምርልኛለች። በመጀመሪያው ሳምንት ወንዝ ዳር እንዳትቀብረው፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ይወስደዋል አለችኝ። ቆይታ ደግሞ ከፍ ያለ ቦታ ፈልግለት፣ ፊቱንም ወደ ኢየሩሳሌም አዙረው አለች። ባለፈው ዓርብ መቃብሩን ማን ይቆፍረዋል ብዬ ጠየቅኋት፤ በመጽሐፉ ውስጥ ከሞተው ልጅ ጋር ያሉት እናቱና ታናሽ ወንድሙ ብቻ ናቸውና። «አንተ ቆፍር» አለችኝ። እማዬ፣ እኔ ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ በምን አቅሜ ብላት፣ ፊቴን ትክ ብላ አይታ «አሁን አድገሃል» አለችኝ።

ስለዚህ የመጪው ዓመት ዕቅዴ መቃብር መቆፈርና ወንድሜን መቅበር ነው። ሌላ ዕቅድ የለኝም። ለዚህ የሚያስፈልገኝ አዳራሽዎ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው፤ ከኋላችን የሚጠብቅ ሑግ ሳይኖር፣ መብራቱን የሚነካ ሰው ሳይኖር። ወለሉን ራሴ አጥባለሁ። የማይቻል ከሆነም ፋሲካ ካለፈ በኋላ ባለው በመጀመሪያው ሰኞ ከመትናሱ ደጅ፣ ደረጃው ላይ ቆሜ አነባለሁ። ፀሐይን የሚያጠፋና የሚያበራ ማብሪያ ስለሌለዎት ለቅሷችንን እንጨርሳለን።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለልጆችዎ ደኅና ወጥቶ መግባትን፣ ለእናትዎም በሕይወት ካሉ ሁሉንም ልጆቻቸውን ቆጥሮ ማደርን ከልብ እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ቶፌሱን በሁለት ጣት ያልጨረሰው አመልካችዎ፣
ጀምበሩ፣ የአመለወርቅ ልጅ፣ የሽበሺ ወንድም፤
ረሖቦት።

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ይህን ደብዳቤ በአማርኛ መጻፌ እንደሚያስቸግርዎ አውቃለሁ። በሕንጻዎ ውስጥ ፊደላችንን የምታነብ ሰው የጽዳት ሠራተኛችሁ ሄዋን ብቻ ናት፤ እሷም ጮክ ካላለች ማንበብ አይሆንላትም። በመሆኑም ይህን ሲሰሙ፣ በዕብራይስጥ ማጠቃለያ ያልቀረበለት፣ አሳዛኝ ይዘት ያለው የአማርኛ ጽሑፍ በራስዎ ቢሮ፣ በራስዎ ትዕዛዝ፣ እስከ መጨረሻው ተነቦልዎታል ማለት ነው። ሄዋን ስታነብ ድምጿ ከተሰበረ እባክዎ አይቸኩሉባት፤ ከነታንያ መጥተው ከወለሉ ላይ የተቀመጡት እናት እናቷ ናቸው።