ቁጥር ሰባት ውሃ ይቀዳል

ሰኞ፣ ሚያዝያ 12። ጠዋት 3፡20

ዐሥራ ዘጠኝ መልእክት ገባ። ዐሥራ ስምንቱ ደህና። አንዱ መምጣት ያልነበረበት።

ደብተሬ፣ አንተ ስለማትሰለች ልንገርህ። በየጠዋቱ የእጅ ፓምፖቹ ላይ የገጠምናቸው መሣሪያዎች አንዳንድ መልእክት ይልካሉ። ፓምፑ ትናንት በየሰዓቱ ስንት ጊዜ እንደተጎተተ። ኔትወርኩ የምታውቀው ነው። ስለዚህ መልእክቱን የቻልኩትን ያህል አሳንሼ ጠቅልዬዋለሁ፣ ሃያ ስምንት ባይት። እዚህ አሶሳ ደግሞ ራስት በሚባለው የኮድ ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ይፈታዋል። ጥቅሉ ውስጥ ስም የሚባል ነገር አይጻፍም፣ ቦታ ይፈጃል። ተራ ብቻ ነው ያለው፤ መጀመሪያ የፓምፑ ቁጥር፣ ከዚያ ቀን፣ ከዚያ ባትሪ፣ ከዚያ ሃያ አራት የሰዓት ቁጥሮች። ጠቅላዩና ፈቺው በተራው ከተስማሙ ሰላም ነው።

ዛሬ ቁ. 7 ተናገረ። ቁ. 7 ቤልሹሙ ነው፣ ከኩርሙክ መንገድ ገባ ብሎ። ቤልሹሙ ደግሞ ሰው የለም። መንደሩ ባለፈው መስከረም ወደ መኪና መንገዱ ዳር ተዛውሯል። ቆርቆሮው፣ በሩ፣ ሁሉም ተነቅሎ ሄዷል። ፓምፑ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም የፊታችን ቅዳሜ ነቅለው ወደ አዲሱ ሰፈር ይወስዱታል።

ትናንት ቤልሹሙ አምስት ጊዜ ውሃ ተቀድቷል። 11፣ 11፣ 11፣ 11፣ 11።

የኔ ስህተት ነው። ሌላ ምን ይሆናል።

ማክሰኞ 13። ከሰዓት

ዛሬም። አምስት ጊዜ አሥራ አንድ። አንድ እንኳ ከፍ ወይም ዝቅ አላለም። ሰው እንዲህ አይቀዳም። ሰው ጄሪካን ይሞላል፣ ይደፋል፣ ልጅ እጀታውን ይዞ ይጫወታል።

መጋቢት ላይ የሠራሁትን እንዳትረሳ። ሥ/አስኪያጃችን አቶ ደምሰው ሪፖርቱ ላይ የመንደሮቹ ስም በሀ ሁ ተራ ይሁን አለ። እኔ ሪፖርቱን ትቼ ኮዱ ውስጥ ያለውን ዝርዝር በሀ ሁ ደረደርኩት። ፕሮግራሙ የትኛው ቁጥር የትኛው መንደር እንደሆነ የሚያውቀው ግን ከዝርዝሩ ላይ ካለው ቦታ ነዋ። የትምህርት ቤቱ ውሃ ለጤና ጣቢያው ተጻፈ፣ የጤና ጣቢያው ለገበያው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አላወቀም። ከዚያ ወዲህ መ/ቤት ውስጥ ስሜ ሀ ሁ ሆኗል።

አሁንም እንደዚያ ነው ብዬ ጥሬውን መልእክት ባይት በባይት አየሁት። የመጀመሪያው ባይት ሰባት። ዝርዝሩ ላይ ሰባተኛው ቤልሹሙ። ትክክል ነው፣ ያስጠላል።

ለምን ከሰኞ ጀምሮ ብቻ? እሁድ ኮዱን አጽድቼ ነበር፤ የሰረዝኩትን መልሼ ፈተሽኩ። መስከረም ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት አንድ መስመር አለ። ቁ. 7 ተዘግቷል፣ ሳትፈታ ጣለው ይላል። እሁድ ምን እንደሆነ ሳላስታውስ አጥፍቼዋለሁ።

ሰባት ወር ሙሉ ሲናገር ከነበረስ?

አልመሃዲን ጠራሁት። መሣሪያዎቹን በየመንደሩ የገጠመው እሱ ነው፣ የቤርታ ልጅ። አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁለት ዓመት አንተ ሲለኝ ማረሙን ትቼዋለሁ። ነገ ባምባሲ መንገድ ቁ. 8 ሄደህ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ሰው ሁሉ አስቁመህ፣ ልክ ሠላሳ ሰባት ጊዜ ጎትትልኝ አልኩት። ዝርዝሩ የተዛባ ከሆነ በዚያ ይታወቃል። ለምን ብሎ አልጠየቀም። በር ላይ ደርሶ ግን ዞር ብሎ ስክሪኔን አየ።

«ቁጥር ሰባት ምን አለ?»

ምንም አልኩት። ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም።

ረቡዕ 14። ምሳ ሰዓት

ለአቶ ደምሰው ነገርኩት። ሳቀ። ደግሞ ምን ደረደርሽ አለኝ። የቅዳሜው ሥራ ለጥቂት ቀን ይቆይ ብዬ ለመንኩ። ሳቁን ተወው። አዲሱ ሰፈር ያሉ እናቶች ግማሽ ሰዓት ሄደው ከወራጅ ወንዝ ነው የሚቀዱት፣ አንቺ ኮድሽ ውስጥ ባለ ጋኔን ምክንያት ፓምፑን ላስቀርባቸው ወይ አለኝ። እውነቱን ነው። ያንን መስመር መልሺው፣ ቁ. 7 ከሪፖርቱ ይውጣ አለ።

ቢሮ ተመልሼ መስመሩን ልጽፍ እጄን አነሳሁ። መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪ ቀጠለ። አሥራ አንዶቹ ፊቴ ላይ ተደርድረዋል። ቆርቆሮው ላይ ማንጎ ወደቀ። ከወንበሬ ተነሳሁ፣ በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ። ፈራሁ ደብተሬ። በቁጥር የፈራሁት ከማትሪክ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እናቴ ከፓዌ ደወለች። የሰፈራ ጊዜ ከወሎ ስትመጣ የበኩር ልጇን መቃብር ትታ እንደመጣች ብዙ አታወራም። ዛሬ ሰው መንደሩን ሲለቅ ምን ይሰማዋል ብዬ ጠየቅኋት። ሁሉም አይለቅም፣ እኔን ጎትተው ነው ያሳፈሩኝ አለች። ከዚያ ስለ በቆሎ ዋጋ ማውራት ጀመረች።

መስመሩን አልጻፍኩትም።

ሐሙስ 15። ጠ. 2፡00

የቁ. 8 መልእክት ገባ። አራት ሰዓት ላይ፣ 37። ልቅም ያለ። አልመሃዲ ሴቶቹን ሲያስቆም ጄሪካን ሊወረወርበት ነበር አሉ።

እንግዲህ ዝርዝሩ ልክ ነው። ፈቺው ልክ ነው። በሥራዬ ልክ ሆኜ እንዲህ የከፋኝ ቀን የለም።

ያው ቀን፣ 7 ሰዓት

ጥሬ መልእክት አይጠፋም። ሳይፈታ ይጣል ማለቴ ይተኛ ማለት ነው እንጂ። የቁ. 7ን ሁሉ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ላይ ፈታሁት። አንድ ሰከንድ አልፈጀም።

አንድ ቀን አልጎደለም። መንደሩ ከተነሳ ማግስት ጀምሮ፣ በየቀኑ፣ አምስት ጊዜ።

እስከ ጥር መጀመሪያ ግን አሥራ አንድ አይደለም። ሃያ ሁለት ነው። ከዚያ አንድ መልእክት ብቻ ከሌሎቹ ይረዝማል፣ ሠላሳ ሁለት ባይት። አጠቃለሌ እንዲህ ነው፤ ትንሽ ቁጥር አንድ ባይት ይበቃዋል፣ ከ127 ያለፈ ሁለት ይወስዳል። በዚያ ቀን አራት ተከታታይ ሰዓት ሁለት ሁለት ባይት ወስደዋል። 340፣ 415፣ 390፣ 288። ከማግስቱ ጀምሮ፣ አሥራ አንድ።

ይህን እያየሁ ሳለ ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። ሰዓቱን አየሁ። ሰንጠረዡን አየሁ። ንጋት 11 ሰዓት፣ ቀን 6፣ 9፣ ማታ 12፣ 2። ስንት ዓመት አሶሳ ኖሬ! ለሶላት የሚታጠቡበት ውሃ ነው።

አልመሃዲን ጠራሁት። ከኋላዬ ቆሞ አነበበ። በጣቶቹ ቆጠረ። ሃያ ሁለቱን አየ፣ አሥራ አንዱን አየ።

«ሁለት ሰው ነበር» አለ። «አሁን አንድ ሰው ነው።»

ረጅሙን መልእክት በጣቴ አሳየሁት። ያን ጊዜ ውጭ ወጣ። በመስኮት አየዋለሁ፤ ማንጎው ሥር ቁጢጥ ብሎ ስልክ ይደውላል። ሲመለስ ነገረኝ። የእናቱ አጎት ሼክ ኢድሪስና ባለቤቱ ሐዋ የቤልሹሙ ሰዎች ናቸው፣ ልጅ የላቸውም። ኩርሙክ ያለችው ዘመድ አዲሱ ሰፈር ናቸው ብላ ነው የምታውቀው። አዲሱ ሰፈር ያሉት አሶሳ ወረዱ ብለው። አሶሳ ያሉት ኩርሙክ። ሰባት ወር ሁሉም አንዱ በአንዱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

የቀረው ማን ነው ብሎ ጠየቀኝ። መልእክቱን እንደገና አየሁት፣ ሞኝ እንደሆነ ሰው። ስም የለበትም።

ቅዳሜ 17። መኪና ውስጥ፣ 4፡30

ትናንት መኪና ስላልተገኘ ዛሬ ከፓምፕ ነቃዮቹ ጋር እየሄድን ነው። አቶ ደምሰው ሂጂና በዓይንሽ አይተሽ ዝም በይ ብሎ ፈቀደ። ሰንሰለቱና የቧንቧ መፍቻው ከኋላ ይንጓጓል። ፎርማኑ ሽማግሌ ሰው ነው፣ ሁሉንም ነግሬዋለሁ፤ እንይ ብቻ አለ።

የትናንቱ መልእክት፦ 11፣ 11፣ 9፣ 7፣ 8። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ።

መኪናው ቆመ። ከዚህ በእግር ነው።

5፡10። ደርሰናል። ቆሜ ነው የምጽፈው። የቤቶቹ ክብ ብቻ ቀርቷል፣ ቋሚ እንጨትና አመድ። ሣሩ ሁሉን ውጦታል። አንድ ቦታ ግን ተጠርጓል። ከፓምፑ እስከ አንዲት ጎጆ ድረስ፣ ቅጠል የለበትም፣ የመጥረጊያው ጭረት ይታያል። የዛሬ ጠዋት ጭረት።

ፓምፑ አጠገብ አንዲት አሮጊት ቆማለች። እያየችን ነው። አልደነገጠችም። የቀጠረችን ይመስል

እሁድ 18። ጠዋት 2፡40

ትናንት መጨረስ አልቻልኩም።

ሐዋ ናት። ሼክ ኢድሪስ ከጎጆው ጀርባ፣ ጠጠር የተደረደረበት። አልመሃዲ ሐቦባ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ብሎ እግሯ ሥር ወደቀ። አነሳችው። በቤርታ ብዙ አወሩ። አንድም ጊዜ አላለቀሰችም። ከዚያ ወደ እኔ እያየች ትናገር ጀመር፣ አልመሃዲም እየተረጎመ፦

«ነግሬአለሁ ይላል። መሣሪያ ስትገጥም ቆጥሮ አሶሳ ይናገራል ብለህ ነበር ይላል። ሼክ የሞተ ቀን ብዙ ጎተትኩ፣ ብዙ፣ አሶሳ ይሰማል፣ ሰው ይመጣል፣ ይቀብራል ብዬ። ጠበቅኩ ይላል። ሰው አልመጣም። ከዚያ መሬት ደረቅ ነው፣ የጎተትኩት ውሃ አፈሰስኩ፣ ለሰለሰ፣ ቆፈርኩ።»

340፣ 415፣ 390፣ 288።

ብቻዋን ሆና አራት ሰዓት ሙሉ ጠርታናለች ደብተሬ። መልእክቱ ሳይጎድል ደርሷል። አንድ ባይት አልተበላሸም። እዚህ ያለች አንዲት ሀ ሁ ግን ሳትፈታ ጣለው ብላ ጽፋ ነበር።

ማን ነው የሚያነበው ብላ ጠየቀች። አልመሃዲ እኔን ጠቆመ። እጄን ይዛ ወደ ፓምፑ ወሰደችኝ፣ ጎትታ በእጄ ላይ ውሃ አፈሰሰችልኝ። ከመንገድ ለመጣ እንግዳ የሚደረገውን። አልተቆጣችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን መስመር ነገር አልነገርኳትም። አልመሃዲም አያውቅም፤ ኔትወርክ መስሎታል፣ እኔም ዝም አልኩ።

ፎርማኑ ሰንሰለቱን ወደ መኪናው መለሰ። ሰው እየጠጣበት አልነቅልም፣ እሷ መሄድ እስክትፈልግ ለአዲሱ ሰፈር ሌላ ይፈለግ፣ ደምሰው በኔ ይጩኽ አለ። ሐዋ ትሂድ አትሂድ ገና አልተናገረችም። ያመማት ጉልበቷን ነው። አልመሃዲ አብሯት ቀረ።

የትናንቱ መልእክት አሁን ገባ። ንጋት 11 ሰዓት ላይ 6። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ 71፤ ነቃዮቹ መቃብሩ ላይ ሊሰግዱ ታጥበው ነበር፣ ከውስጡ ጥቂቱ ለእጄ የፈሰሰው ነው። ቀን 9 ላይ 22። ማታ 12 ላይ 22። ማታ 2 ላይ 22።

ሃያ ሁለቱን ብዙ ጊዜ አየሁት።

ልጽፍላት ፈለግኩ። ኮዱን ከፈትኩ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደማስገባው ፈለግኩ። የለም። አሳንሼ ነው የሠራሁት፤ መሣሪያው ይልካል እንጂ አይቀበልም። ከአሶሳ ወደ ቤልሹሙ አንድ ባይት የሚሄድበት መንገድ የለም።

ነገ በማለዳው መኪና እሄዳለሁ። መልእክቷ ደርሶ ነበር፣ የጣልኩት እኔ ነኝ እላታለሁ። ቤርታ አልችልም። አልመሃዲ ነው የሚተረጉምልኝ፤ እሱም ያኔ ይሰማዋል።