አምስት ሰዓት ከመቼ ተነሥቶ?

ለተከበሩ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፣

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በርዎን የጠበቅሁት ዘበኛ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እርስዎ ግን አብዝተው እንደቆጠሩ ስለሚነገር፣ እንደምን ሰነበቱ፣ ዓይንዎስ ደኅና ነው ወይ እያልኩ ከአንገቴ ዝቅ ብዬ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ካባረሩኝ ወዲህ ደኅና ነኝ፤ ከእንቅልፍ በቀር የጎደለኝ የለም።

አንደኛ፤ የትልቁ ማሽን ዲስክ ከሶኬቱ ተነቅሎ የሦስት ወር ሥራ በጠፋ ማግስት፣ ጥፋተኛውን በሁለት ደቂቃ ስላገኙት አመሰግናለሁ። ምራቴ ከርነል በምትለው በማሽኑ ልብ ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ ዲስኩ የተነቀለው በአሥራ ስምንት ሺህኛው ሰከንድ ነው ብሎ ጻፈ። ይኸውም ሲቆጠር የአምስት ሰዓት ርዝመት ነው። እርስዎ ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ቆጠሩና ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አደረሱት። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝና ነገሩ አለቀ፤ «አባባ፣ ማሽን አይዋሽም» ብለው በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቁልፉን ተቀበሉኝ።

ሁለተኛ፤ እውነትዎን ነው፣ ማሽኑ አልዋሸም። የሚቆጥረው ግን እሱ ራሱ ከነቃ ጀምሮ ነው። ያን ቀን ከጥገና የተነሣው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ለጠጋኙ በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ይህንኑ ብነግርዎት «ይሄ እርስዎን አይመለከትም» አሉኝ። እንግዲህ በእርስዎ ሒሳብ፣ ማሽኑ ገና ተኝቶ ሳለ ዲስኩ ሲነቀል አይቶ መዝግቧል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ንቁ ማሽን በሌላ መሥሪያ ቤት መኖሩን አልሰማሁም።

ሦስተኛ፤ ፕሮግራሙ ይህን ቆጠራ ወደ ግድግዳ ሰዓት ለውጦ የሚያሳይበት ምርጫ አለው፤ በትእዛዙ ጫፍ አንዲት ቃል መጨመር ነው። ምራቴ በክፍልዎ ስትሠራ ስለዚህችው ምርጫ ግማሽ ገጽ ጽፋ፣ ያለ እሷ የሚታየው ቁጥር ማሽኑ ከተነሣ ወዲህ ያለው ነውና ተጠንቀቁ ብላ ለክፍሉ የአሠራር መመሪያ አቅርባ ነበር። እርስዎ በቀይ ብዕር ሰርዘው «ይህን የማያውቅ ባለሙያ የለም» ብለው ጻፉበት። የማያውቀውን ባለሙያ ራስዎ ሆነው ስላሳዩን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ወረቀቱ እጃችን ላይ ነው።

በዚያች ቃል ሲታይ ዲስኩ የተነቀለው በቀትር፣ በስድስት ሰዓት ነው። ሰው ምሳ ወጥቷል፤ እኔ አድሬ ገብቼ ቤቴ ተኝቻለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ በዲስኩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ኃይል ሲሞላ ያገኘችው ስልክ የማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አምጥታ የሰጠችው ለእርስዎ ነውና።

የምጠይቀው ጥቂት ነው። ገጹ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት ወደ መመሪያው ይመለስ። ስንብቴም በእነዚያው ሠራተኞች ፊት ይሻር፤ ስሜ የጠፋው እዚያ ነውና። ይቅርታዎን ግን አልፈልግም፤ ለራስዎ ያቆዩት፣ ያስፈልግዎታል።

ከግቢው እንጂ ከክብሩ ያልተባረረው፣
አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከታች ያኖረው ዘበኛ

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በሩ ላይ ከመለጠፉ በፊት ለበላይዎ ደርሷል። ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሙን በዚያች ቃል በፊታቸው እንዲያስኬዱ ይጠራሉ። ቃሏን መመሪያው ውስጥ እንዳይፈልጓት፣ ሰርዘዋታል። ምራቴን መጠየቅ ይችላሉ፤ በጽሑፍ ያመልክቱ።

በይ ልጄ፣ አሁን ብዕሩን አስቀምጪና ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ። ያለዘብሽው ቦታ ካለ አውቀዋለሁ።