ጉልበት ማጠፍ ስለ ተከለከለባቸው ጫኞች

ለክቡር ባላምባራስ አሻግሬ፣ የዕቃ ቤቱ ሹም፤
አሶሳ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወገብዎስ? እኛ የማሽላ ጫኞችዎ ጎንበስ ብለን እጅ መንሣት ስላልቻልን፣ ለጊዜው እንደ ቆምን ሰላምታችንን እናቀርባለን። የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ቅዳሜ ገበያ ላይ እንዲነበብ መስጠታችንንም በትሕትና እናስታውቃለን።

እኔ ዐወድ እባላለሁ። ከእኔ ጋር ለዕቃ ቤትዎ ጭነት በግዴታ የተጠሩት አሥራ አንዱም እንደ እኔ ገበሬዎች ናቸው። መቆፈርና መዝራት እንጂ ሙሉ ጆንያ ከመሬት አንሥቶ አህያ ላይ መጫን ከዚህ ዓመት በፊት አናውቅም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ከዛፉ ጥላ ሥር ሆነው፣ ከወንበርዎ ሳይነሡ ስላስተማሩን ማመስገን ይገባናል። «እግር እንደ ምሰሶ ቀጥ ይበል! ጉልበቱን የሚያጥፍ ሰነፍ ነው!» አሉን። እኛም እግራችንን ገትረን፣ ጆንያውን ከሰውነታችን አርቀን ይዘን፣ በወገባችን ብቻ አነሣን። ከዚያ የሆነውን በተራ እንቆጥርልዎ።

አንደኛ፤ በሦስተኛው ቀን ወገባችን እንደ ደረቀ ቆዳ ተኮማተረ። ባልንጀራዬ ሻዕባን በቀትሩ የዙሁር ሶላት ላይ ለሩኩዕ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ሰው ሁሉ ቀና ሲል እርሱ አልቻለም፤ ሶላቱ ሲያልቅ ሁለት ሆነን ደግፈን አቀናነው። ይህ ሲነገርዎ «ጸሎት አብዝቶ ነው» ብለው ሳቁ። ስለ ቀልድዎ እናመሰግናለን። ሻዕባን ግን አልሳቀም፤ መሳቅም ወገቡን ያመው ነበር።

ሁለተኛ፤ የሻዕባን ሚስት የኑራ እናት ዓዲላ ዕድሜዋን ሙሉ እንጨት ስትሸከም የኖረች ሴት ናት። ወገባችንን በሰሊጥ ዘይት አሸችንና እንዴት እንደምናነሣ እንድናሳያት ጠየቀችን። አይታን «ማነው እንዲህ ያስተማራችሁ?» አለች። ስምዎን ነገርናት። «እሱ ራሱ አንሥቶ ያውቃል?» አለች። እርስዎን ማማት ስለማይገባን ስለ ወንበርዎና ስለ ዛፉ ጥላ ብቻ ነገርናት። ከዚያ ጉልበቷን አጥፋ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ አንድ እስር እንጨት ከሆዷ አስጠግታ ተነሣች። «ሸክሙን እግራችሁ ያንሣው፤ ወገባችሁ ይከተል። መጀመሪያ በግማሽ ጆንያ ተለማመዱ» አለችን።

እርስዎ ወደ ባምባሲ ሄደው በተመለሱበት ቀን፣ ገና ሳይደርሱ፣ እርሷ እንዳለችን ሠራን። አርባ ጆንያ ቀትር ሳይሆን ተጫነ፤ ወገቡን ይዞ የተቀመጠ አንድም ሰው አልነበረም። ሻዕባን እንኳ ሲያፏጭ ዋለ። ሲመለሱ ግን ገና ከበቅሎዎ ሳይወርዱ ዘበኛዎ «ቁጢጥ እያሉ ነው ያነሡት» ብሎ ነገረዎት። ሥራው አልቆ ሳለ «አውርዱ! እንደ ደንቡ እንደ ገና ጫኑ!» ብለው አዘዙ። አርባውን አወረድን፤ እግራችንን ገትረን መጫን ጀመርን። ሠላሳ አንደኛው ላይ ሻዕባን ጮኾ ወደቀ። «ተነሥ፣ አታስመስል!» ብለው በዚያው በታመመ ወገቡ ላይ ሁለት ጊዜ በአለንጋ አስገረፉት። ሦስተኛው ይህ ነው፤ ከዚህ በላይ መቁጠር አልፈልግም።

ዛሬ ሃያ ቀኑ ነው። በዱላ ተደግፎ እስከ ደጁ ይሄዳል፤ ከዚያ አያልፍም። ዝናቡ ገብቷል፤ ኑራ ማሳውን ብቻዋን ትቆፍራለች። ትናንት ልንጠይቀው ብንሄድ «እኔን ቆማችሁ ከምታዩኝ ለሷ ድረሱላት» አለን። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር፤ እንባውን እንዳናይ መሆኑን አውቀናል።

ስለዚህ አሥራ አንዳችንም ከነገ ጀምሮ የሻዕባንን ማሳ እንዘራለን። ወደ ዕቃ ቤትዎ አንመጣም። ማሰር ከፈለጉ እዚያው ያገኙናል፤ አልተደበቅንም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ በዚያም ዕድሜ ውስጥ አንዲት ሙሉ ጆንያ ከመሬት የማንሣትን ዕድል ከልባችን የምንመኝልዎ፣

ዐወድና አሥር ባልንጀሮቹ

የተረሳ ቃል፤ እኛ አማርኛን የምናውቀው በጆሯችን እንጂ በብዕር አይደለም። «ማን ጻፈላችሁ?» እያሉ ሰው እንዳያስጨንቁ እናስታውቅዎ፤ የጻፈው አሁን ፊትዎ ቆሞ የሚያነብልዎ ጸሐፊዎ ነው። ጓዙን ጠቅልሎ ጨርሷል፤ ይህን እንዳነበበ ይሄዳል። ከእንግዲህ የሚመጣልዎትን ደብዳቤ ራስዎ እንዲያነቡ ፊደል መቁጠር ይጀምሩ፤ ለጀማሪ ትንሽ ያማል።