ጠመንጃን በእንጨቱ ለሚመርጡት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ የዒላማ ተኩስና አደን ክለባችን ሊቀመንበር፣
እግረ መንገዱንም ቆሞ ለሚያነብ ሁሉ፣

ክቡር ሆይ፣ ከነገር በፊት ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ? በተለይ ለዓይንዎ ሳልጸልይ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

እኔ ብረት ከሚቆረጥበት ከቶርኖ ቤቱ ነኝ፤ ያ ሦስተኛው መስመር ላይ የምተኩሰው። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ስለተውኩት ፊደል ብስት ይቅርታዎ አይለየኝ፤ ሌላ ነገር ስቼ አላውቅም። መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው እህቴ «ቅሬታ በቁጥር ነው የሚጻፈው፣ ዝም ብለህ አትዘባርቅ» ስላለችኝ በቁጥር አድርጌዋለሁ። በክለቡ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩትም ድፍረት ሆኖ አይደለም። እርስዎ እኔን ሰው ሁሉ ፊት በማይክራፎን ነው የተናገሩኝ። እኔ ማይክራፎን የለኝም፤ አራት ሚስማር ግን አላጣሁም።

አንደኛ፦ ስለ ምርጫው ላመስግንዎት። የክለቡ አሮጌ ጠመንጃዎች አፈሙዛቸው ተበልቶ ጥይቱ ወደ ፈለገበት መሄድ ሲጀምር፣ ስምንት አዲስ ባለ ሃያ ሁለት ካሊበር ጠመንጃ እንዲገዛ በጉባኤ ወሰንን። በእጅ እያቀባበሉ አንድ አንድ ጥይት የሚተኩሱበት፣ ትከሻ የማይመታ፣ ጆሮ የማያደነቁር፣ ጠዋት ዒላማ የምንመታበት፣ ከሰዓት ደግሞ ጥንቸል የምናድንበት። ነጋዴው ሦስት ናሙና አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። እርስዎም በደግነትዎ «እስቲ ወጣቱም ይሞክርና አስተያየቱን ይስጥ» አሉ። እኔ ሞኙ አስተያየት ማለት የሚሰማ ነገር መስሎኝ ነበር።

ሞከርኩ። ጉራ እንዳይሆንብኝ፣ ቢሆንብኝም ግድ የለኝም፣ በአንደኛው ጠመንጃ ሃምሳ ሜትር ላይ አምስት ጥይት ተኩሼ አምስቱንም ቀዳዳ አንድ የኮት ቁልፍ ይሸፍነው ነበር። ያ ጠመንጃ ሰደፉ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፤ መልኩ የተጣለ የውኃ ቧንቧ ይመስላል፤ ሳሎኑ ውስጥ የሚሰቅለው ሰው አይገኝም። ነገር ግን ቃታው ሳያንገራግር ቁርጥ ብሎ ይለቃል። ማቀባበያው፣ ማለት ያ ጎትተን ጥይት አስገብተን መልሰን የምንዘጋበት ብረት፣ ሲሄድም ሲመለስም አይንገጫገጭም። አፈሙዙ ዒላማ ላይ እንዳይወዛወዝ የሚበቃ ክብደት አለው፤ ማሳ ለማሳ ሲዞሩበት ደግሞ ትከሻ አይቆርጥም። ጥይትም ሦስት ዓይነት አፈራርቄ የትኛው እንደሚስማማው አየሁለት፤ አንዱ ጠመንጃ የወደደውን ጥይት ሌላው ይተፋዋል፣ ሳይሞክሩት አይታወቅም። ይህን ሁሉ ቆሜ አስረዳሁዎት፤ እርስዎም አንገትዎን እየነቀነቁ ሰሙኝ።

ከዚያ ሦስተኛውን አነሱ። ሰደፉን በመዳፍዎ ዳበሱት፣ በጣትዎ አንኳኩት፣ አሸተቱት። ማቀባበያውን አንዴ እንኳ አልጎተቱትም። «ይሄ እንጨት በደንብ የደረቀ ነው፤ መቶ ዓመት አይሰነጠቅም፤ ይሄንን ነው የምንገዛው» ብለው ደመደሙ። ነጋዴው ሳቁን በሳል ሸፈነው። እርስዎ የቤት ዕቃ ባለሙያ ነዎት፣ ያንን መካድ ነውር ነው፤ ለእናቴ የሠሩላት ቁም ሳጥን እስከ ዛሬ በሩ አልተንጋደደም። በቁም ሳጥኑ ጥንቸል እንድመታ ስላልጠየቁኝም አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስምንቱ ጠመንጃ ሲመጣ የአንዱ ሰደፍ ጠይም፣ የሌላው ቀላ ያለ ሆነና እንቅልፍ ነሳዎት። «የምግብ ጠረጴዛ አንዱ ወንበሩ ቀለሙ ከተለየ ደንበኛ አይገዛውም» ብለው ሁሉንም በጭነት መኪና ወደ ሱቅዎ አስወሰዱ። የግምጃ ቤት ጠባቂያችን፣ ሁላችንም ጋሽ ቁልፍ የምንላቸው፣ መኪናው ድረስ ተከትለው «ጌታዬ፣ ጠመንጃዎቹም ማቀባበያዎቹም ላይ ቁጥር አለ፤ እያንዳንዱ የየጠመንጃው ነው፤ አደራ እንዳይቀላቀል» ብለው ለመኑዎት። እርስዎ ምን አሉ? «እኔ ቤት የተሠራ መሳቢያ የትኛውም ኮመዲኖ ውስጥ ይገባል፤ አይጨነቁ»።

ጋሽ ቁልፍ ግን ተጨነቁ፣ ደግሞም ልክ ነበሩ። ቫርኒሽ ቀቢዎ ስምንቱንም ማቀባበያ ነቅሎ አንድ ባልዲ ውስጥ ከተታቸው። የማቀባበያዎቹን ቁጥር ደግሞ እርስዎ ራስዎ «ይሄ ጭረት መልኩን አበላሸው» ብለው በብርጭቆ ወረቀት አስፈግፍገው አጠፉት። ቀቢውን አልወቅሰውም፤ ምስኪኑ የታዘዘውን ነው የሠራው። ጠመንጃዎቹ ሲመለሱ እንደ ሙሽራ ያበራሉ። ብቻ የማን ማቀባበያ የማን እንደሆነ የሚያውቅ ፍጥረት በከተማው የለም። ጥይቱ ከኋላው በልኩ ካልተደገፈ የሚያፈነዳው መምቻ በደንብ አያገኘውም፣ ይከሽፋል፤ ይህን እንኳን የቶርኖ ሰው፣ ጋሽ ቁልፍም ያውቁታል። አንድ እርስዎ ብቻ ሲቀሩ።

ሦስተኛ፦ ከወንዝ ማዶው ክለብ ጋር የተወዳደርንበትን ቀን ያስታውሱታል። እኔ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የመጨረሻው ተኳሽ እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር የቀደሙን፤ ለእኔ ደግሞ ሁለት ነጥብ ማለት ምንም ማለት አይደለም። ተኛሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ጨቅ። እንደገና። ጨቅ። ከአሥር ጥይት አራቱ ከሸፈ። የቀሩት ስድስቱ መሃሉን ነው የበሱት፤ እሱን ማንም አላወራልኝም። ዳኛው «መሣሪያው ይታይና ይድገም» ሲል እርስዎ ከወንበርዎ ተነሥተው «መሣሪያው አዲስ ነው፣ ምንም የለበትም» አሉ። ከዚያ ማይክራፎኑን ያዙና፣ እናቴ ቁጭ ባለችበት፣ እህቴ ቁጭ ባለችበት፣ «ልጁ ደንግጦ ነው፣ አትፍረዱበት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል» አሉ። ሰው ሳቀ። የማዶዎቹም ሳቁ። አንዱ የእነሱ ተኳሽ በአጠገቤ ሲያልፍ «አይዞህ ወንድሜ፣ ብርድ ነው» አለኝ። ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር።

አራተኛ፦ እዚህ ላይ ቢቆሙልኝ ኖሮ እኔም በቆምኩ። የራሴን ጠመንጃ ለመግዛት ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ከክለቡ ሊቀመንበር የድጋፍ ደብዳቤ ይፈልጋል። እርስዎም ጻፉልኝ። «አመልካቹ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ መሣሪያ ቢይዝ ለራሱም ለሌላውም ያሰጋል» ብለው፣ ማኅተም አሳርፈው፣ በእጄ ሰጡኝ። በዚችው በምትንቀጠቀጠው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ የምኖረው በእጄ ነው። ሌላ የለኝም። መሬት የለኝ፣ ዲፕሎማ የለኝ። በዚህ ከተማ የፓምፕ ዘንግ ሲያልቅ፣ የወፍጮ ማርሽ ሲሰበር፣ ሰው «ለዚያ ልጅ ስጡት» የሚለው እጄ ስለማይስት ነው። ከማይክራፎንዎ በኋላ አለቃዬ ጠራኝና ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «አንተ ልጅ፣ ለጊዜው ረቂቁን ሥራ ለሌላ ልስጠው፤ ደንበኛ ሰምቷል» አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ የበር ማጠፊያ ስቆርጥ ከረምኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሻይ ሲያመጡልኝ ብርጭቆውን ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞሉታል፤ «እንዳይፈስብህ ብለን ነው» ይሉኛል። አጎቴ ደግሞ ማሳው ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል፤ «ጥንቸሎቹ ጎመኔን ጨርሰው ወደ ካሮቱ ዞረዋል፤ አንተ ጠመንጃ የምትይዘው እኔን ሲበሉኝ ነው?» ይለኛል። ለዚህ ሁሉ ምስጋናዬ እንዲህ በአንድ ወረቀት የሚያልቅ አይደለም፤ በየቀኑ እየጨመረ ነው የሚሄደው።

አምስተኛ፦ ይሄኛው ቅሬታ አይደለም፤ የምሥራች ነው። እርስዎ እንጨት ሊገዙ ከከተማ በወጡ ማግስት፣ በምሳ ሰዓቴ ቶርኖው ላይ ቆሜ የጥይት አምሳያ ከብረት ሠራሁ። ባሩድ የለው፣ ምን የለው፤ ዝም ብሎ መለኪያ ነው። በትክክለኛው ጠመንጃ ማቀባበያው ልክክ ብሎ ይዘጋበታል፤ በሌላው ይላወሳል፣ ወይም እንቢ ይላል። ልዩነቱ ከፀጉር ይቀጥናል። አለቃዬ በካሊፐር አንዴ ለካው፣ መነጽሩን ወልውሎ ደግሞ ለካው፣ ከዚያ የማጠፊያውን ብረት ከፊቴ አነሣልኝ።

መለኪያውን ይዤ ክለብ ሄድኩ። ጋሽ ቁልፍ ግምጃ ቤቱን ከፈቱ፤ ምክትልዎ፣ የጥርስ ሐኪሟ እመቤት፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና አዩን። ስምንቱን ማቀባበያ በስምንቱ ጠመንጃ እያፈራረቅን ሞከርን። አምስቱ የሌላ ጠመንጃ ቤት ነው የተገኙት። እኔ የተወዳደርኩበት ጠመንጃ የያዘው የሰባት ቁጥሩን ነበር፤ እንደ ወላቃ ጥርስ ይነቃነቃል። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ሐኪሟ ናቸው፣ በሙያቸው። ሁሉንም ወደየቤቱ መለስኩና የጠፋውን ቁጥር ከየጠመንጃው ላይ እያየሁ በእጄ ቀረጽኩበት። ሄደው ይዩት፤ ማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል። ጋሽ ቁልፍ ጣታቸውን አስኪደውበት «አይ ይሄ እጅ፣ ምን ሲሆን ተንቀጠቀጠ ተባለ» አሉ፤ እኔም ለሚመለከተው አደርሳለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው። ይኸው አደረስኩ።

እንግዲህ የምለምንዎት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ያንኑ ማይክራፎን ይዘው፣ እናቴ ቁጭ ባለችበት፣ «የተንቀጠቀጠው ማቀባበያው ነው» ይበሉልኝ። አምስት ቃል እንኳ አትሞላም፤ ጉሮሮዎን አታደክምም። ይቅርታውን ለራስዎ ያስቀምጡት፣ እኔ አልፈልገውም። እስከዚያ ድረስ ግን ይህ ወረቀት ከሰሌዳው አይወርድም። ቢቀደድ ሌላ አለኝ፤ እህቴ መሥሪያ ቤት ማባዣ አለ።

በሱቅዎ በር ባለፍኩ ቁጥር ባርኔጣዬን የማነሣልዎት፣ የአመራርዎን ጥበብ በየሻይ ቤቱ ሳልሰለች የምመሰክርልዎት፣ ያደረጉልኝን ውለታ እስክመልስ ድረስ ዕረፍት የሌለኝ፣ ትሑትና ታዛዥ አገልጋይዎ፣
የቶርኖ ቤቱ ልጅ

ማስታወሻ፦ የክለባችን መተዳደሪያ ደንብ «ሊቀመንበሩ ከሰባት ቀን በላይ ከከተማ ሲርቁ ምክትሉ ይፈርማሉ» ይላል፤ አንቀጹን ያጸደቁት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እንጨት ፍለጋ ከሄዱ ዛሬ ሃያኛ ቀንዎ ነው። ሐኪሟ በስምንተኛው ቀን አዲስ ደብዳቤ ጽፈው ፈረሙልኝ፣ ፈቃዱ ወጣ፣ ጥቁሩን ፕላስቲክ ትናንት ከነጋዴው ተረከብኩ። ቅዳሜ ሲመለሱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሦስተኛው መስመር ላይ ያገኙኛል። አራተኛውን በስምዎ አስመዝግቤልዎታለሁ፤ ለእያንዳንዳችን አሥር ጥይት። ከስምንቱ የወደዱትን ይዘው ይምጡ፤ አሁን ሁሉም በልኩ ስለሚዘጋ ምክንያት አያገኙለትም። መምጣቱ ካልተመቸዎትም አይጨነቁ፤ የእርስዎን አሥር ጥይት እኔው እተኩስልዎታለሁ፤ ልጆችዎ አንድ ቀን እንኳ በአባታቸው ስም አጠገብ ከመቶ መቶ ተጽፎ ይዩ።