በሬ በማውስ መንዳት

ሐሙስ

ማውስ የሚሉት ነገር እጄ ውስጥ አልቀመጥ አለ። ሃምሳ ዓመት እርፍ የያዘ እጅ ነው፤ ገና ስነካው ኮምፒዩተሩ ላይ ያለችው ቀስት ጥግ ትገባለች። እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ራህማ ትጽፋለች። ከሚሴ የጽሕፈት ሱቋ ውስጥ ነን። እንዳታሳምሪው ብያታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የአዳማ ነጋዴ «በሬዎቻችሁን መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ልያቸው» አለ። ትናንት ጨፋ ሮቢት የከብት አድላቢዎች ማኅበራችን ሲሰበሰብ አባላችን ሁሴን ተነሣ። «ጋሽ ይመር፣ እርስዎ በጣትዎ ነው የሚፈርሙ። ዌብሳይቱን ለተማረ ይልቀቁ፤ ሊቀመንበርነቱንም አብረው።» ሰው ሳቀ። «እሑድ ሰንበቴ ገበያ በገዛ እጄ ሠርቼ ካላሳየሁህ ውሰደው» አልኩት። ራህማ ኮድ የማይፈልግ፣ ሥዕሉን እየጎተቱ የሚያስቀምጡበት ፕሮግራም አለ ብላኝ ነበር። ቀላል መስሎኝ ነው።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አምስት ፎቶ አስገባሁ። አንዱን በሬ ሳስቀምጥ ሌላው ይወርዳል። ስመልሰው ራህማ የጻፈችልኝን ጽሑፍ ይረግጠዋል። በረት ውስጥ እንኳ እንዲህ አይጋፉም። ደህና አሰልፌያቸው ሳበቃ መብራት ሄደ። ሁሉም ጠፋ።

«አባዬ፣ ሴቭ አድርግ አላልኩህም?»

አላልሽኝም አልኳት። ብላኛለች።

ዛሬ የገባኝ፦ ሴቭ ማድረግ። ያበላሹትን የምትመልስ ጎባጣ ቀስት። ፎቶ ሲያሳንሱ ጥጉን መያዝ፤ በጎኑ ከተያዘ በሬው አህያ ይመስላል። ሌላው አልገባኝም፣ ወገቤም አልቻለ።

ቅዳሜ

ራህማ ሠርግ ዋለች፤ ይህን የምትጽፈው ማታ ተመልሳ ነው። ብቻዬን ሠራሁት። ዳማው በሬ ስንገዛው አጥንቱ የሚቆጠር ነበር፤ በየወሩ ፎቶ ተነሥቷል። አራቱን ፎቶ በአንድ መስመር ደረደርኩ፦ ከሲታው መጀመሪያ፣ የደለበው መጨረሻ። እንዳሳየችኝ ኢንተርኔት ላይ የሚያወጣውን ሰማያዊ ምልክት ተጫንኩ። ወጣ። አልሐምዱሊላህ። ሁሴን ነገ ይየው።

እሑድ

ሰንበቴ፣ በሬ ተራ መሀል ሁሴን ስልኩን ከፈተ። ብዙ አየው። «ጋሽ ይመር፣ ማኅበራችን ማድለቢያ ነው ማክሻ?» አለ።

ስልኩን ነጠቅኩት። ምኑ ነው የሚያስቀው? «ከቀኝ ጀምረህ እየው እንጂ» አልኩት። ልጅ ሳለሁ ቁርኣን ቤት ሁለት ወር ተቀምጫለሁ። ፊደሉ አልያዘልኝም፣ ከቀኝ መጀመሩ ግን ይዞልኛል። እንደኔ ቁርኣን ቤት የዋሉ እኩዮቼ ሁሉ በሬው ሲደልብ አዩት። አስኳላ የገቡት ግን ከግራ ጀመሩ፤ በሬው ሲከሳባቸው ዋለ። ክርክሩ ደራ። ወዲያው ራህማ ደወለች፤ ነጋዴው «በሬያችሁ ታሟል እንዴ?» ብሏታል።

«ስህተቱ የኔ ነው» አልኩ በሰው ፊት።

«ወንበሩስ?» አለ ሁሴን።

የማኅበሩ ታላቅ አባ ኑር በኦሮምኛም በአማርኛም፣ «ዲሲ፣ ተወው። ረቡዕ እንነጋገራለን» አሉት።

ከሚሴ ተመልሼ አራቱንም ከግራ እንዲጀምሩ አዞርኩ። ሁለቱ ተደራረቡ፣ አንዱ ጠፍቶ ተገኘ፣ ከየፎቶው ሥር ያለው ጽሑፍም ከቦታው አልነሣ አለ። ራህማ ማውሱን ልትቀበለኝ እጇን ሰደደች፤ አልሰጠኋትም። መግሪብ ሳይደርስ ጨረስኩ። ነጋዴው እንደገና አይቶ «ማክሰኞ ሳልመጣ አልቀርም» አላት። የነጋዴ ቃል ነው፤ ይምጣ አይምጣ እንጃ። ረቡዕም ወንበሩ የማን እንደሚሆን እንጃ።

«አባዬ፣ ልዝጋው?» አለች።

ተይው፣ ትንሽ ልየው አልኳት።